ኤልሲ የጠቆሙት ሸንተረር

ባለፈው ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ባለው ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ በርበሬ እየመዘንኩ ሳለ ሩት መጣች። ሩት የሟቹ ጓደኛዬ ልጅ ናት። ፓሳዴና ኮሌጅ ገብታ ስለ መሬት ትማራለች። አባቷ በሕይወት ሳለ "ልጄ ድንጋይ ልታጠና ነው አሉ፤ ድንጋይ ደግሞ ምኑ ይጠናል?" እያለ ይገረም ነበር፤ ሲገረም ግን ደስ እያለው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራና ሽሮ ልትገዛ ስትመጣ ከኔ ጋር ትንሽ ሳትጫወት አትሄድም።

"ጋሼ ታደለ፣ ፕሮጀክቴን ላሳይህ?" አለችና ላፕቶፕዋን ባንኮኒው ላይ ከፈተችው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነበር። ግራና ቀኝ ሐይቅ፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ እባብ የሚጥመለመል፣ ሣር የለበሰ ረጅም ሸንተረር።

"ይሄ ኤስከር ይባላል" አለች። "ሶ፣ ድሮ አገሩን በሙሉ አይስ ሸፍኖት ነበር፤ የበረዶ ግግር። ከስሩ ወንዝ ይሄዳል። ወንዙ ጠጠርና አሸዋ እያመጣ ይከምራል። ከዚያ አይሱ ሲቀልጥ ወንዙ የሄደበት መንገድ እንዲህ ከፍ ብሎ ቀረ። ኩል አይደል?"

"ኧረ ጋሼ፣ ይበቃኛል!" አለች ደንበኛዬ። ለካ ሚዛኑ ከሞላ በኋላም በርበሬውን ማፍሰሴን አልተውኩም።

ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ ከሸኘሁ በኋላ "አውቀዋለሁ" አልኳት ሩትን።

"ምኑን?"

"ኤስከርን። እንዲያውም አንዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሳቀች። የምቀልድ መሰላት። ፌርፋክስ ላይ ስድሳ አራት ዓመቱን ይዞ በርበሬ የሚመዝን ሰው ኮረብታ አጥፍቻለሁ ቢል ማን ያምነዋል? እኔም ብሆን ነገሩን ለማንም ነግሬው አላውቅም። ያልነገርኩት ምስጢር ስለሆነ አይደለም፤ እንዴት እንደሚነገር ስላላወቅኩ ነው። ጥፋት ይሁን መልካም ነገር ያልለየለትን ታሪክ ሰው ከየት ይጀምረዋል? ያን ቀን ግን ሱቁ ጭር ብሎ ስለነበር ለሩት ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሱዳን ከሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ወጥቼ አሜሪካ የገባሁት ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዋስትና ነው። የተቀበሉኝ ሃንሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ወሩ የካቲት ነበር። ሚሲስ ሃንሰን ከአውሮፕላን ጣቢያ ሲወስዱኝ በመንገዱ ሁሉ "ወደ ሐይቆች አገር ነው የምንሄደው" ይሉኛል። እኔ ደግሞ የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ነው። ለኛ ሐይቅ አንድ ነው። ከተማውም በሱ ተጠርቶ ሐይቅ ነው። ሐይቆች አገር ሲሉኝ ደስ ብሎኝ በመስኮት ብመለከት የሚታየኝ ነጭ ሜዳ ብቻ ሆነ።

"ሐይቁ የታል?" አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

"ላዩ ላይ እኮ ነን" አሉኝ ሚሲስ ሃንሰን እየሳቁ። "አቋራጭ ስለሆነ ነው።"

ጌታ በባሕር ላይ መራመዱን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በመኪና ስለመሄድ ግን የነገረኝ አልነበረም። የመኪናውን እጀታ ጨብጬ ማርያምን ስለማመን እስከ ዳርቻው ደረስን።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ የትኛው ውሃ፣ የትኛው መሬት እንደሆነ ሳላውቅ ኖርኩ። ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ ነጩ ሜዳ ሰማያዊ ሆነና ሐይቅ ከየቦታው ብቅ ብቅ አለ። አንዱን ስታልፈው ሌላው ይመጣል፣ ሌላውን ስታልፈው ሌላ። አንዳንዱ እንደ ባሕር የሰፋ ነው፤ አንዳንዱ በሬዎች ጠጥተው የሚጨርሱት የሚመስል ኩሬ ነው፤ ግን እሱንም ሐይቅ ይሉታል። በዚያው ወረዳ ውስጥ ብቻ "ረጅም ሐይቅ" የሚባሉ ሦስት ነበሩ። በየሐይቁ መካከል ደግሞ ሸንተረር አለ፤ ጠመዝማዛ፣ ጠባብ፣ አናቱ ላይ ጥድና ባሉጥ የበቀለበት። ተራራ ነው እንዳልል የኛ አገር ሰው ይስቅብኛል። ደብር የሚሠራበት እንኳን አይሆንም። ግን ከወዲያ ማዶ ያለውን ለመጋረድ ይበቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ መልካቸው እንደ መንትያ ልጆች። ለመራመድ ወጥቼ ከሐይቅ ወደ ሸንተረር፣ ከሸንተረር ወደ ሐይቅ ስል መንገዱ ጠፍቶብኝ የሰው ቤት ያንኳኳሁበት ቀን ብዙ ነው። የከፈተልኝ ሰው ሁሉ ያበላኛል፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ በቆሎ በቅቤ፣ እነሱ የዱር ሩዝ የሚሉት ጥቁር እህል የገባበት ሾርባ። የጠፋሁትን ያህል ወፈርኩ።

በሰኔ ሥራ አገኘሁ። ዌይን የሚባል፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው የጠጠር ካባ ነበረው። ከሸንተረሮቹ ጠጠርና አሸዋ እየቆፈረ ለመንገድና ለቤት መሥሪያ ያቀርባል። መጀመሪያ አካፋ ሰጠኝ፤ ሁለት ሳምንት ሲያየኝ ደግሞ ችካል ተካይ አደረገኝ። ሎደሮቹ የሚቆፍሩበትን ቦታ ዳርና ዳሩን ብርቱካን ቀለም በተቀባ ችካል ማመልከት ነው ሥራዬ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሸንተረሩን የተቆረጠ ጎን እያሳየ አስረዳኝ። ድንጋዮቹ ሁሉ ድቡልቡል ናቸው፤ ወንዝ ውስጥ እንደሚገኘው ያለ።

"እዚህ በረዶ ነበረ" አለ እጁን ወደ ሰማይ እያነሳ። "አንድ ማይል ከፍታ ያለው።"

"አውቃለሁ፤ አይቻለሁ" አልኩት። ባለፈው የካቲት ያየሁትን የሚል መስሎኝ ነው። አንድ ማይል ያለው ግን ትንሽ የተጋነነ መሰለኝ።

"አላየህም! አሥር ሺህ ዓመት!"

አሥር ሺህ የሚለውን ሰማሁ፤ ከምኑ ጋር እንደማገናኘው ጠፋኝ። ሸንተረሩ ከበረዶ ነው የተሠራው ብሎኝ ከሆነስ? ታዲያ በዚህ ሙቀት ለምን አይቀልጥም? ጭንቅላቴን ነቀነቅኩና ሳንድዊቼን በላሁ። እንግሊዝኛ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ነገር ያለፍኩት ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ነው።

ያ ነገር የመጣው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ዌይን ልጁን ሊድር ወደ ከተማ ሊሄድ ሲቸኩል ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ትእዛዝ ሰጠኝ። አዲስ ቦታ ከአንድ ገበሬ ተከራይቷል፤ ሰኞ ሎደሮቹ ስለሚገቡ ችካሉ ዛሬ መተከል አለበት። የዋናውን መንገድ ስም ነግሮኝ "ሁለተኛውን ሐይቅ እለፍ። ከዚያ ኤስከር በግራ በኩል። ከትልቁ ዛፍ እስከ አጥሩ ትከል" አለኝ።

ኤስከር የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ዌይን ሸንተረሩን ሁልጊዜ 'ሪጅ' ነበር የሚለው። መጀመሪያ "አሽከር" ያለኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ፤ አማርኛ ከየት ያውቃል ብዬ ተረጋጋሁ። ከዚያ ነው የገባኝ የመሰለኝ። 'አስክ ኸር' ማለቱ ነው፤ እሷን ጠይቃት፣ በግራ በኩል። ማንን? ብዬ ልጠይቅ ስል መኪናው አቧራ አንስቶ ሄዷል።

ችካሎቹን በአሮጌው ፒክአፕ ጭኜ ወጣሁ። አንደኛውን ሐይቅ አለፍኩ። ቀጥሎ ሸምበቆ የበዛበት ውሃ መጣ። ይሄ ሐይቅ ነው ኩሬ? በአገሬ ቢሆን ኩሬ ነው፤ እዚህ ግን ሐይቅ ይሉታል ብዬ ቆጠርኩት። ስለዚህ ሁለተኛው እሱ ሆነ። ወዲያው በግራ በኩል አንድ ነጭ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ሸንተረር፣ ጓሮው ውስጥ ደግሞ አንዲት አሮጊት አየሁ። "በል እንግዲህ፣ እሷ ይቺ ናት" አልኩ። ሁሉም ነገር ልክ እንደተባለው ሲሆን ሰው ይጠራጠራል?

ሴትየዋ ኤልሲ ይባላሉ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በአማርኛ ሳስታውሳቸው አንቱ ማለት አልተውም። ጎንበስ ብለው ሩባርብ የሚሉትን ቀይ አገዳ ያለው ተክል ይቆርጡ ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅኩና በመንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁትን እንግሊዝኛ አወጣሁት።

"ቦስ ሰይ አስክ ዩ። ዊች ሂል ዩ ዋንት ጎ?"

ወደ የትኛው ኮረብታ ልሂድ ማለቴ ነበር።

ቀና ብለው አዩኝ። ቢላዋቸውን መሬት ላይ አኖሩና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"የላከህ ዌይን ነው?"

"የስ።"

"እኔን ጠይቅ ብሎ?"

"የስ፣ የስ። አስክ ኸር።"

መጀመሪያ ሸንተረሩን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን፣ እንደገና ሸንተረሩን። ቢንቢዎች አንገቴን እየበሉኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ሸንተረር በጣታቸው ጠቆሙ።

"ያ" አሉ። "እዚያ፣ ከዛፉ ጀምሮ።"

ትልቅ ባሉጥ ዛፍ አለ። ከወዲያኛው ጫፍ አጥር አለ። ደስ ብሎኝ ችካሌን ተከልኩ። ስጨርስ ጠሩኝና በዚያ ቀይ አገዳ የተጋገረ ፓይ ሰጡኝ። ጎምዛዛ ነው፤ ስኳሩ ሲመጣ ግን ይክሳል። ሁለት ቁራጭ በላሁ።

ሰኞ ሁለቱ የሎደር ነጂዎች መጡ። የሌላ ከተማ ሰዎች ስለሆኑ አገሩን አያውቁትም። ችካል ከተተከለ ደግሞ ማን ይጠይቃል? የባሉጡን ዛፍ ትተው ከአጠገቡ ጀመሩ። ሸንተረሩ እንደ ዳቦ ተቆረሰ። ሣሩ ከላዩ ሲገፈፍ ከስሩ ንጹሕ አሸዋ ወጣ፤ ከአሸዋው ስር ጠጠር፣ ከጠጠሩ ስር ድቡልቡል ድንጋይ። ገልባጭ መኪኖች ተመላለሱ። ኤልሲ በሁለተኛው ቀን ለሁላችንም ፓይ ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ቆመው አዩ። "ጥሩ ነው" አሉ ብቻ። የመሬቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው ብለን ስንሠራ ሰነበትን።

ረቡዕ ጠዋት ሸንተረሩ ተከፈተ። የመኪና ማለፊያ የሚያህል ሰፊ ክፍተት ሆነ፤ በክፍተቱ ውስጥ ከወዲያ በኩል ሌላ ሐይቅና ሌላ ነጭ ቤት ታየ። የኤልሲ ቤት መንትያ ነው፤ መስኮቱ፣ በረንዳው፣ ሁሉ ነገሩ አንድ ነው። እዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ጀልባ የጫነ ፒክአፕ ሲቆም አየን። አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ወርደው ወደ እኛ አቅጣጫ ፈዘው ቆሙ። በዚያው ቅጽበት ዌይን ከሠርግ መልስ ካባውን ሊያይ መጥቶ ኖሮ፣ ከኋላዬ ሲጮህ ሰማሁ።

"ምን አድርጋችኋል! ይሄ የአርቪድ ነው!"

ሎደሮቹ ቆሙ። ዌይን ፊቱ ገርጥቶ በፍጥነት ነገረኝ፤ ሁሉንም ባይሆን ዋናውን ያዝኩት። አርቪድና ኤልሲ ወንድምና እህት ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ መሬቱ በሸንተረሩ ተከፈለ፤ ወዲህ የሷ፣ ወዲያ የሱ፤ ሸንተረሩ ራሱ የሱ። ከተነጋገሩ ሃያ ዓመት ያልፋል። እሷ በምሥራቅ ባለው ከተማ ትገበያያለች፣ እሱ በምዕራብ ባለው። ቤተ ክርስቲያናቸውም ተለያይቷል። አርቪድ በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ወደ ሰሜን ዓሣ ማጥመድ ይሄዳሉ፤ አሁን መመለሳቸው ነው።

አርቪድ በክፍተቱ በኩል በዝግታ መጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። የተቆረሰውን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ አሸዋው በጣታቸው መካከል ፈሰሰ።

"እዚህ ቆፍሩ ያለው ማን ነው?"

ሁሉም እኔን አየ። ኤልሲ ናቸው ልበል? ሃያ ዓመት በተጣላ ወንድምና እህት መካከል ገብቼ እሳት ላቀጣጥል? በሌላ በኩል ጥፋቱን በራሴ ባደርገው ሥራዬ ይሄዳል፣ የተቀበሉኝ ሰዎች ያፍሩብኛል፤ አገሩን ገና በወጉ አላወቅኩትም። ልቤ ከሁለት ተከፈለ። አፌ ግን ቀድሞኝ "እኔ" አለ። "ሚ። አይ ሚስቴክ።"

"እንዴት ትሳሳታለህ?" አለ ዌይን። "ኤስከር አልኩህ አይደለም? ኤስከር!"

"የስ" አልኩ፤ ሳላስበው። "አይ አስክ ኸር።"

ዌይን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከሎደር ነጂዎቹ አንዱ ሳቁን አፍኖ ዞረ። እኔ ምን እንዳልኩ አላወቅኩም፤ ግን የደበቅኩት ሁሉ መውጣቱን ከፊታቸው አየሁ።

"ማንን ነው የጠየቅከው?" አሉ አርቪድ።

ኤልሲ ጓሮአቸው ውስጥ ነጭ አንሶላ ያሰጡ ነበር። አርቪድ ወደ እሳቸው ዞረው ቆሙ። ኤልሲም አንሶላውን እንደያዙ ቆሙ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። አንሶላውን ብቻ ንፋስ ያወዛውዘዋል።

"ጸጉሯ ነጭ ሆኗል" አሉ አርቪድ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

ዌይን ጉሮሮውን ጠረገ። "መልሰን እንሞላዋለን። ነገውኑ፣ አርቪድ፤ ልክ እንደነበረው።"

"እንደነበረው አታደርገውም።" አሁንም ዓይናቸው እዚያው ነው። "ተዉት እንዳለ። ማሽናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።"

ሄድን።

ዌይን አላባረረኝም፤ ከችካል አነሳኝና ጠጠር ማጠቢያው ላይ መደበኝ። ካባው ውስጥ ስሜ ግን ጠፋ። ሁሉም "አስክ ኸር" ሆነ የሚሉኝ። "አስክ ኸር፣ ውሃ አምጣ፤ አስክ ኸር፣ ምሳ ደረሰ።" ይወዱኛል ወይስ ይንቁኛል? ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን እናደዳለሁ። ሚሲስ ሃንሰንን "ለምን ሽማግሌ አይልኩባቸውም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሽማግሌ ማለት?" አሉኝ። አስረዳኋቸው። "እዚህ በሰው ጉዳይ አይገባም" አሉኝ። የጠቡን ምክንያት ብጠይቅ እሳቸው በጸሎት ቤት ጉዳይ ነው አሉ፤ ዌይን በአንድ ፈረስ ነው አለ። እስከ ዛሬ አላወቅኩትም።

የሠራሁት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በአገሬ ሰው ሲበድል ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ ይቅር ካለው ድንጋዩን ያወርድለታል። ሌላ መንገድ ስለማላውቅ በቀጣዩ እሑድ ከዚያው ከተቆፈረው ሸንተረር የሚከብድ ድቡልቡል ድንጋይ መርጬ ትከሻዬ ላይ አደረግኩና በክፍተቱ አልፌ አርቪድ ደጃፍ ቆምኩ።

በሩን ከፈቱ። አጎንብሻለሁ፤ ጫማቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።

"ልትመልሰው ነው?" አሉ። "አንድ በአንድ?"

"ይቅርታ" አልኩ በአማርኛ፤ እንግሊዝኛው ከጭንቅላቴ ጠፋ።

"በዚህ አካሄድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለህ?"

አላወቁም። በየእሑዱ አንድ ድንጋይ ላመጣላቸው የመጣሁ መስሏቸዋል። እንዴት ላስረዳ? ድንጋዩ እየተንሸራተተብኝ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቆምኩ። እሳቸው አስበው አስበው መጡና ድንጋዩን ከትከሻዬ በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ከደረጃቸው ጎን አስቀመጡት። "በቃ" አሉ። "አንዱ ይበቃል።"

ይቅር አሉኝ ማለት ነው? ድንጋዩን ያወረዱት ስለከበደኝ አዝነው ነው ወይስ ገብቷቸው? ወደ ቤት አስገቡኝ። ከሰሜን ያመጡትን ዓሣ በዱቄት ለውሰው ጠበሱና በላን። ሳህኑን ሲያነሱ ነው የጠየቁኝ።

"ደህና ትራመዳለች?"

ማንን እንደሆነ ገባኝ። "ደህና ናቸው። ፓይ ጋግረውልን ነበር።"

"ሩባርብ?"

"የስ።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ተክሉ የእናታችን ነው" አሉ።

በጥቅምት ወር ቅጠሉ ሁሉ ቀላና ረገፈ። ሎስ አንጀለስ ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ "እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ትሠራለህ? ና" ብሎ ስለጻፈልኝ ልሄድ ተነሳሁ። ከመሄዴ በፊት ኤልሲን ልሰናበት ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ተሻሽሏል። ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኳቸው።

"ያንን ሸንተረር ለምን ጠቆሙኝ? የእርስዎ አለመሆኑን ያውቁ ነበር።"

"የጠየቅከኝን መለስኩልህ እንጂ" አሉ። "'የትኛው ኮረብታ እንዲሄድ ትፈልጊያለሽ?' አልከኝ። ይሄን በሕይወቴ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ያን ጊዜ ነው በሰኔ የተናገርኩት እንግሊዝኛ የገባኝ። ልሂድ ያልኩትን እሳቸው ኮረብታው ይሂድ፣ ይወገድ ብለው ሰምተውታል። ወይስ የሰሙት መስለው ነው? ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። አሮጊቷ ሲስቁም ሲያዝኑም ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው።

"እና አሁን?" አልኩ።

በክፍተቱ ወደ ማዶ አዩ። "ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቶ እጁን አነሳ። ሰላም ሊለኝ ይሁን ፀሐይ ሊከልል አላወቅኩም።"

"እርስዎስ?"

"እኔም አነሳሁ" አሉ። "እኔም ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ነበር።"

ፓይ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። በአውቶቡስ ላይ እየበላሁት ወደ ምዕራብ መጣሁ።

ሩት እስከዚህ ሰምታ "ሶ፣ ታረቁ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"አልደወልክም? ሌተር ምናምን?"

አልጻፍኩም። መጀመሪያ ለመጻፍ እንግሊዝኛው አሳፈረኝ፤ በኋላ ታክሲው፣ ልጅ ማሳደጉ፣ የዕለት ጉርሱ መጣ። ሁለቱም ይሄኔ አፈር ሆነዋል። "ግን ጋሼ" አለች፣ "ያ ኤስከር እኮ ተመልሶ አይሠራም። ወንዙም አይሱም የለም። ያሳዝናል። ደግሞ ደስ ይላል። ኮንፊውዝድ ሆንኩ።" እንኳን አንቺ፣ አልኩ በልቤ። አርቪድን ይቅርታ ለመጠየቅ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ ኤልሲንም ሳልወቅስ ተሰናብቻለሁ። ለዚያ ሁሉ ሺህ ዓመት ለተኛው ጠጠር ግን ማን ምን ይለዋል? የሳተው ጆሮዬ ባይሆን ኖሮ እነዚያ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይሞቱ ነበር፤ ምናልባት ተያይተውም ሳይነጋገሩ ሞተዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጥፋት፣ አንድ ቀን ጽድቅ ሆኖ ይታየኛል።

ሩት የአገሩን ካርታ ከሳተላይት አወጣችው። "የቱ ነው? አሳየኝ።"

መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ሐይቅ፣ ሸንተረር፣ ሐይቅ፣ ሸንተረር። ሩት እያቀረበች ስታሳየኝ ያልተቆረሰ የለም ማለት ይቻላል፤ ይሄም ተቆፍሯል፣ ያም ተቆፍሯል፤ ከኔ በኋላ የመጡ ሎደሮች ያላገኙት ጥቂት ነው። በግራና በቀኝ ነጭ ቤት የሚመስል ነጥብ ያለባቸው ሁለት ክፍተቶች አገኘን። አንደኛው ውሃ ሞልቶበት አረንጓዴ ሆኗል። በሁለተኛው መካከል ቀጭን መንገድ ያልፋል፤ የእግር ይሁን የከብት ወይም የአጋዘን ከላይ ሆኖ አይለይም።

"የቱ?" አለች ሩት እንደገና።

አላወቅኩትም። እውነቱን ለመናገር ውሃ የሞላበት ያኔ የከፈትነውን የበለጠ ይመስል ነበር። ሩት ግን ጣቷን መንገዱ ያለበት ላይ አድርጋ ምልክት አኖረችበት፤ እኔም አልከለከልኳት።